ኮኮ አይበላም

ፍሬማ ትሮትሮ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ስትቀመጥ የሰው ፊት አታይም፤ አንገት ነው የምታየው። ይሄኛው አንገቱ አጭር ነው፣ ያችኛዋ የፊት ጥርሷ ይነቃነቃል፣ ሾፌሩ አገጩ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አንድ ቀን ለቀዶ ጥገና ቢያስተኙት ጉሮሮው ያስቸግራል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከኩማሲ ከተማ ዳርቻ ወደ ትምህርት ቤቷ የተመላለሰችው እንዲህ የሰውን ጉሮሮ እየገመተች ነው። ቤቷ ገብታም አታርፍም። ባሏ ሲያንኮራፋ አገጩን በጣቶቿ ወደ ላይ ታነሳለች፣ ማንኮራፋቱ ጸጥ ሲል ትደሰታለች። አንዴ ነቃባትና፣

"ሴትዮ፣ ልትገድዪኝ ነው?" አላት።

"ሰው እንዳይሞትብኝ እየተለማመድኩ ነው። ተኛ" አለችው።

ተመልሶ ተኛ። ምን ያድርግ? ነርስ ያገባ ሰው ብዙ ነገር ይችላል።

ፍሬማ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት። ስምንት ዓመት በአንድ የወረዳ ሆስፒታል በነርስነት ሠርታለች። ሰመመን ሰጪ ልሁን ብላ የተነሳችው ከፍ ያለ ወንበር አምሯት አይደለም፤ የአንዲት ቅዳሜ ነገር ነው። እኛ አሻንቲዎች ሰው የምንቀብረው ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ አገሩ ሁሉ ጥቁርና ቀይ ለብሶ ለቅሶ ላይ ነው። የሆስፒታሉ አንድ ለእናቱ የሆነው ሰመመን ሰጪ፣ ሽማግሌው ቦንሱ፣ ያን ቅዳሜ አጎቱን ሊቀብር ሄዶ ነበር። ምጥ የጠናባት ሴት መጣች። ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ቆመ፤ ቢላው አለ፣ ክሩ አለ፣ የሚያስተኛት ሰው የለም። መኪና ላይ ጫኗትና ወደ ኩማሲ በረሩ። ፍሬማ ከኋላ ተቀምጣ የሴትዮዋን ጭንቅላት አቅፋ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ እቅፏ ውስጥ አረፈች።

ፍሬማ ሽማግሌውን አልወቀሰችም። ሰው አጎቱን አይቅበር እንዴ? ጥፋቱ አንድ ሰው ብቻ መኖሩ ነው። ሰኞ ጠዋት ሄዳ የትምህርት ማመልከቻ አስገባች።

እንግዲህ ሁለቱ ዓመት አለቀና አንድ ፈተና ቀረ። በፈታኝ ፊት አንድ በሽተኛ ማስተኛትና ማንቃት። ካለፈች የገና በዓል ሳይደርስ ወደ ወረዳዋ ትመለሳለች፣ ሽማግሌው ቦንሱም ጡረታ ይወጣል። ከወደቀች ሦስት ወር ትደግማለች። ሦስት ወር ለሌላው ምንም አይደለም። ለዚያ ሆስፒታል ግን ብዙ ነው፤ የቦንሱ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ከርሟል፣ ራሱም ያውቀዋል። በየሳምንቱ ይደውልላታል። "ልጄ፣ መቼ ነው የምትመጪው?" ከማለት ሌላ ወሬ የለውም።

ፈታኙ ሚስተር ዱዋ ነው፤ የሰመመን ክፍሉ አለቃ፣ ከሲታ፣ መሐረብ ከእጁ የማይለይ ሰው። አይጮህም። ቢጮህ ይሻል ነበር። ከወር በፊት ፍሬማ መምጠጫ ማሽኑን ሳትሞክር አንድ በሽተኛ ልታስተኛ ስትል እጇን ያዘና ማሽኑን ከፈተው፤ ማሽኑ ትንፍሽ አላለም። "ይሄ ሰውዬ ቢያስመልሰው ኖሮ በምን ትጠርጊለት ነበር? በቀሚስሽ?" አላት በለሆሳስ። ከዚያ ደብተሩ ላይ ጻፈና፣ "ሲስተር ፍሬማ፣ አንድ ነገር ዘለልሽ" አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መምጠጫውን ሦስት ጊዜ ሳትሞክር ራስጌ አትቆምም።

ፈተናው ማክሰኞ ነበር። የደረሰቻት በሽተኛ ማሜ አቺያ ትባላለች፤ ገበያው ጀርባ ፉፉ የሚሉትን የተወቀጠ የካሳቫ ምግብ የምትሸጥበት ቤት ያላት፣ ክንዷ በመውቀጥ የጠነከረ፣ አንገቷ ላይ ማንጎ የሚያህል እንቅርት የተሸከመች ሴት። ፍሬማ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አልጋዋ ዘንድ ሄደች። ራስጌው ላይ "በአፍ ምንም አይሰጥ" የሚል ካርቶን ተሰቅሏል።

"ማሜ፣ ደህና አደርሽ?"

"ምን ደህና አለ ልጄ። እንደ በግ ታርዱኝ የለ?"

"እኔ አላርድሽም፤ እኔ የማስተኛሽ ነኝ።"

"እሱማ ይብሳል። የሚያርደኝን አላይም ማለት ነው።"

ፍሬማ ሳቀች። አፏን አስከፈተቻት፣ አንገቷን ወደ ኋላ አዘነበለቻት፣ እንቅርቱን በጣቷ ዳበሰች። የመተንፈሻ ቧንቧዋን ወደ ግራ ገፋ አድርጎታል። ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ገባት። ከዚያ ቅጹን አወጣችና የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቀች።

"ማሜ፣ በልተሻል?"

"እኔ? ከትናንት ጀምሮ መች በላሁ! ፉፉ ሻጯ ጦሟን አደረች ተብሎ ሰፈሩ ይሳቅብኝ እንጂ።"

ፍሬማ "ምንም አልበላችም" ብላ ጻፈች። ከሥሩ ፈረመች።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ማሜ አቺያ ጠረጴዛው ላይ ተጋድማለች። ሐኪሙ ዶክተር ኦዱሮ እጆቹን ከፍ አድርጎ ቆሟል፤ ያን ቀን ሰባት ሰው ይጠብቀው ነበርና ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ሚስተር ዱዋ ከፍሬማ ትከሻ ጀርባ ደብተሩን ይዟል። ፍሬማ መምጠጫውን ሦስቴ ሞከረችና ትራሱ ሥር ሻጠችው። ነጩ የማስተኛ መድኃኒት ሲሪንጅ ውስጥ ተዘጋጅቷል፣ ሲሪንጁም የማሜ አቺያ ክንድ ላይ ባለው መርፌ ላይ ተሰክቷል። ጭንብሉን ልታደርግላት ጎንበስ ስትል ማሜ አቺያ፣

"ሲስተር፣ እንዳልነቃ አታድርጊኝ አደራ" አለቻት፣ ፊቷ ሥር ሆና።

ከአፏ ሽታ መጣ። የቦካ በቆሎ ሽታ።

የፍሬማ እጅ ባለበት ቀረ። ይህን ሽታ እንዴት አታውቀውም? አገሩ በሙሉ ጠዋት ጠዋት የሚሸተው ይህንኑ ነው፤ ኮኮ፣ የበቆሎ አጥሚት። እሷ ራሷ ያን ጠዋት በቁሟ ጨልጣ ነው የመጣችው። ምናልባት ከልብሷ ይሆናል አለች በልቧ። ምናልባት ከራሴ አፍ ይሆናል። ሴትዮዋ ምግብ ቤት ነው የምትውለው፤ ሽታው ገላዋ ውስጥ ገብቶም ይሆናል።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ፍሬማ ዝም ልትል ቃጥቷታል። ከጠየቀች ቅጹ ላይ የፈረመችው ነገር ውሸት ሊሆን ነው፣ ዱዋም ከጀርባዋ ቆሟል። ካልጠየቀች ደግሞ ማን ያውቃል? ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ምንም አይሆንም። ሴትዮዋ ትተኛለች፣ ቱቦው ይገባል፣ ትነቃለች፣ ፍሬማ ወረዳዋ ትሄዳለች። አሥረኛው ግን አለ። አሥረኛው ላይ የተኛ ሰው ሆድ ያለውን ወደ ላይ ይመልሳል፣ የተኛ ሰው ደግሞ አይስልም፣ አይውጥም፤ ሁሉም ሳንባ ውስጥ ይገባል።

"ሲስተር፣ ጠረጴዛው ላይ ነው የምናድረው?" አለ ኦዱሮ።

መኪና ውስጥ ያቀፈቻት ሴት ፊቷ ላይ መጣችባት።

"ማሜ" አለች ፍሬማ። "ዛሬ ጠዋት ኮኮ ጠጥተሻል?"

"ጠጥቻለሁ እንጂ። እህቴ ጎህ ሲቀድ አመጣችልኝ፣ በትልቁ ኩባያ። ዳቦም ነክሬበታለሁ።"

"በልተሻል ስልሽ አልበላሁም አልሽኝ እኮ!"

"አልበላሁማ። ኮኮ ይበላል እንዴ?"

ዕቃ አቀባይዋ ነርስ ሳቋ አመለጣት። ፍሬማ ግን አልሳቀችም። ሴትዮዋ አልዋሸችም። እኛ ጋ የሚበላው ፉፉ ነው። ኮኮ ይጠጣል፣ ብርቱካን ይመጠጣል፣ ለውዝ ይቆረጠማል፤ አንዱም መብላት አይባልም። ከጠዋት እስከ ማታ አፉ ሲንቀሳቀስ የዋለ ሰው ፉፉ ካልቀመሰ "ዛሬ ምንም አልበላሁ" ይላል፣ እናቱም ታዝንለታለች። ፍሬማ ይህን ከጡት ጋር ነው የጠባችው። እሷም ኮኮዋን ጨልጣ ስትወጣ ለባሏ ያለችው "ሳልበላ መሄዴ ነው" ነበር። እና በአገሯ ቋንቋ ጠይቃ፣ በአገሯ ቋንቋ ተመልሶላት፣ ልትገድላት ነበር። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው።

"ዶክተር፣ አላስተኛትም" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ሆዷ ሙሉ ነው።"

"አጥሚት ነው ባክሽ! ፈጠን ብለሽ ቱቦውን አስገቢው።"

"እንቅርቱ ቧንቧዋን ገፍቶታል። ባንዴ ካልገባልኝ ኮኮው ሳንባዋ ውስጥ ነው። ዛሬ ካልተሠራች የምትሞትበት ሕመም አይደለም፤ መጠበቅ ትችላለች።"

ኦዱሮ ወደ ዱዋ ዞረ። "ሚስተር ዱዋ፣ ተማሪህን አንድ በላት እንጂ።"

"ራስጌ የቆመችው እሷ ናት" አለ ዱዋ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ሐኪሙ ቅጹን በዓይኑ ፈለገው። "እዚህ ላይ ምንም አልበላችም ይላል። ይሄን የጻፈው ማነው ታዲያ?"

"እኔ ነኝ" አለች ፍሬማ። "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ፊርማውም የኔ ነው።" ሲሪንጁን ከመርፌው ነቀለችና ትሪው ላይ አስቀመጠችው።

ማሜ አቺያ እስካሁን ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ስትቃኝ ነበር። የሚሉት ሁሉ ባይገባትም ነገሩ የሞት ነገር እንደሆነ ገብቷታል። ተነስታ ልትቀመጥ ስትል ፍርሃቱ ሆዷን ገለበጠው፤ ጎንበስ አለችና የጠጣችውን ሁሉ መለሰችው። ነጭ ኮኮ፣ የዳቦ ቁራሽ የሚንሳፈፍበት፣ ከጠረጴዛው ወርዶ የዶክተር ኦዱሮ ቦት ጫማ ላይ ተዘረገፈ።

ሐኪሙ ጫማውን አየ። ከዚያ ጓንቱን አወለቀና፣ "ለሚቀጥለው ማክሰኞ ቀጠሮ ያዙላት" ብሎ ወጣ።

ዱዋ ፍሬማን ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣት። መሐረቡን አጣጠፈ።

"ወድቀሻል" አላት።

ፍሬማ አንገቷን ደፋች።

"ማቆምሽ ልክ ነው። ሐኪም ፊት እንዲያ ብሎ መቆም ለብዙ ሰው አይሆንም። ግን ማቆም የነበረብሽ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አልጋዋ ዘንድ ነው። ዛሬ አፍንጫሽ ነው ያዳናት። ጉንፋን ይዞሽ ቢሆንስ?"

"በልተሻል ብዬ ጠይቄያታለሁ፣ ሚስተር ዱዋ።"

"አባቶቻችን ጠያቂ መንገድ አይስትም ይላሉ። አጠያየቁን ያላወቀ ግን ጠይቆም ገደል ይገባል። ሦስት ወር ትደግሚያለሽ።" ተነስቶ ሄደ።

ፍሬማ መድኃኒት ማከማቻው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋችና አለቀሰች። አላፈረችም፤ ሰው የሚያለቅሰው እንዲህ ያለ ቀን ካልሆነ መቼ ነው? ከዚያ ለሽማግሌው ቦንሱ ደወለች።

"ወድቄያለሁ" አለችው።

"ሦስት ወር" አለ ሽማግሌው። "ትናንት መርፌ ሁለቴ ከእጄ ወደቀ፣ ልጄ። ግድ የለም፣ እሞክራለሁ።" ያ "እሞክራለሁ" ከውድቀቱ በላይ አንገበገባት።

ከሰዓት በኋላ ማሜ አቺያን ይቅርታ ልትጠይቅ ሄደች። ሴትዮዋ ነገሩን እስከ መጨረሻው አስወራቻትና በንዴት ጥርሷን መጠጠች።

"እንግዲህ የወደቅሽው በልተሻል ስላልሽኝ ነው?"

"አዎ፣ ማሜ።"

"በአንዲት ቃል!"

"በአንዲት ቃል።"

"ምን ብለሽ መጠየቅ ነበረብሽ ታዲያ?"

ፍሬማ ነገረቻት። ማሜ አቺያም ሰማች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ነገሩን እንደ ሙክክ ሥጋ አላምጣ ያዘችው። እንዲያ ያለች ሴት ፊት ነገር አይጣልም።

በሳምንቱ ማክሰኞ ያው ጠረጴዛ፣ ያው መብራት፣ ያው ዶክተር ኦዱሮ በታጠበ ቦት ጫማ። ራስጌ የቆመው ግን ሚስተር ዱዋ ራሱ ነው። ፍሬማ የማስተኛት ፈቃድ ስለሌላት እግርጌ ቆማ ብርድ ልብስ ታስተካክላለች፤ የወደቀ ተማሪ ሥራው ይሄ ነው። ዱዋ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ አየ፣ ሲሪንጁን አዘጋጀ፣ ጎንበስ አለ።

"ማሜ፣ ደህና አደርሽ?"

"ይመስገን።"

"በልተሻል?"

ዕቃ አቀባይዋ ነርስ ቀና አለች። ማሜ አቺያ ራሷን በትራሱ ላይ ቀስ አድርጋ አዞረች።

"ምን አልከኝ?"

"በልተሻል ወይ ነው ያልኩሽ።"

"እንግዲያው አንተም ወድቀሃል" አለችው።

ዶክተር ኦዱሮ ጭንብሉ ሥር ሳል መሰል ነገር አደረገና ወደ ግድግዳው ዞረ። ዱዋ አልተንቀሳቀሰም። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ መሐረቡን ፈለገና አጣው። ፍሬማ ሳቅ አልመጣላትም፣ ፍርሃት እንጂ። ይህ ሰው ከአፉ የወጣውን እንደ ሰማ ገባት፤ ስንት ጊዜ፣ ለስንት ሰው እንዲህ እንደጠየቀ ልቡ ውስጥ እየቆጠረ ነበር።

"ሠላሳ አንድ ዓመት" አለ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። "ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የጠየቅኩት።" ከዚያ ከራስጌው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። "ሲስተር ፍሬማ፣ ነይ። አንቺ ጠይቂያት።"

ፍሬማ መጣች።

"ማሜ፣ ከትናንት ማታ ወዲህ ከንፈርሽን ያለፈ ነገር አለ? የተጠጣ፣ የተመጠጠ፣ የታኘከ፣ የተቀመሰ፣ ኪኒን ቢሆን፣ ቅጠል ቢሆን?"

"ጥርሴን ፍቄያለሁ። ምራቄንም ተፍቼዋለሁ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። እህቴ ኮኮ ይዛ መጥታ ነበር፤ ኩባያውን ከነኮኮው መለስኳት።"

ዱዋ ከትከሻዋ ጀርባ፣ የፈታኝ ቦታው ላይ ቆመ። "ቀጥዪ" አላት።

መምጠጫውን ሦስቴ ሞከረች። ጭንብሉን አደረገችላት፣ ትንፋሿን ቆጠረች፣ ነጩን መድኃኒት ገፋች። የማሜ አቺያ ዓይን ተከደነ። ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ የተኛች ሴት በራሷ አትተነፍስም። ፍሬማ መብራት ያለውን መሣሪያ አስገብታ ጉሮሮውን ፈለገች፣ ሥጋ ብቻ አየች። እንቅርቱ ሁሉን ነገር ወደ ግራ ወስዶታል። አወጣች፣ አየር ሰጠቻት፣ ላቧ ጆሮዋ ሥር ወረደ። ከኋላዋ ዱዋ አንድ እርምጃ ሲራመድ ሰማችው፤ ቆመ፣ እጁን አልዘረጋም።

"እንቅርቱን ወደ ቀኝ ግፊልኝ" አለች ለነርሷ። "ትንሽ ጨምሪ። በቃ፣ እዚያው ያዢው።"

ሁለተኛ ገባች። ጥግ ላይ፣ ጠባብ፣ ጥቁር ቀዳዳ ታየቻት። ቱቦውን ሰደደች። የማሜ አቺያ ደረት በሁለቱም በኩል እኩል ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ፍሬማም ያኔ ተነፈሰች።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ማሜ አቺያ ስትነቃ አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ድምጿ ሻክሯል፣ ዓይኗ ግን ያው ነው። ፍሬማ አጎንብሳ ስሟን ጠራቻት። ዱዋ ከእግርጌ ቆሞ የአልጋ ቅጾቹን ይዟል፤ "የበላው መቼ ነው?" የምትለዋን መስመር በእስክሪብቶ እየሰረዘ ከላይዋ "ከንፈሩን ያለፈ ነገር" ብሎ ይጽፍ ነበር፣ አንዱን ቅጽ ጨርሶ ሌላውን።

"ለቦንሱ ደውዪለት" አላት ቀና ሳይል። "አብረን ነው የተማርነው፤ ግትር ሰው ነው፣ አላምንም ይልሻል። ሚስተር ዱዋ የገና በዓል ሲደርስ ቤትህ ግባ፣ እጅህን አሳርፍ ብሎሃል በይው።"

ፍሬማ ስልኳን ልታወጣ እጇን ኪሷ ከተተች። እንባዋ ቀደማት።

"ወሬያችሁን ተዉና ምግብ አምጡልኝ" አለች ማሜ አቺያ በሻከረ ድምፅ። "ኮኮ ግን እንዳይሆን።"

ያን ቀን ሐኪሙ የፈቀደላት ኮኮ ብቻ ነበር።